አዲሱ ቀሚስ

ስለ ክርስቲያናዊ ደግነት ሳስብ አንድ ቀሚስ ይታወሰኛል።

ሐኪሞቹ ባልና ሚስት፣ ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ከአውስትራሊያ ወደ አዲስ አበባ መጡ። በተራዘመ ምጥ ልጃቸውን ያጡ፣ ሽንታቸውን መቆጣጠር ተስኗቸው ከሰው የተገለሉ እናቶችን አገኙ። በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታልን መሥርተው በነጻ አከሟቸው። ሬጂናልድ በ1993 ዐረፉ፤ ካትሪን ግን በ2020፣ በ96 ዓመታቸው፣ እዚያው አዲስ አበባ እስኪያርፉ ድረስ እናቶቹን አልተለዩም።

የዳነችው ሴት ወደ አገሯ ስትመለስ አዲስ ቀሚስ ይሰጣት ነበር። ለሕክምናው ቀሚስ አያስፈልግም። እኔ ግን የደግነቱን ሙላት የማየው በዚህ ትርፍ ስጦታ ነው። ቀዶ ጥገናው ከሕመሟ ፈወሳት፤ ቀሚሱ ደግሞ ሸሽተዋት ለነበሩት መንደርተኞች መዳኗን ከአንደበቷ ቀድሞ ያበሥራል።