ስለ ኮረንቲ አመጣጥና ሮጦ ስለሚጨብጥ እጅ



ለዘንድሮው መጽሔት ጽሑፍ ያላችሁ አምጡ በተባለ ጊዜ እኛም እጃችንን አውጥተን «ስለ ኮረንቲ እንጽፋለን» ብለን ነበር። አንዳንዶቻችሁ ሳቃችሁ። «ጡረታ የወጣ የመዝገብ ቤት ጸሐፊና ኮረንቲን ምን አገናኛቸው?» ያለን ወዳጅም አልጠፋም። እውነቱን ነው። ትምህርታችን ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም፤ መሐንዲስም አይደለንም። ነገር ግን የእድሩን መዝገብ ብዙ ዓመት ስንይዝ ኖረናልና በመዝገቡ ውስጥ አንድ ጉድለት አይተናል። መዝገቡ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ቀንና ለቤተሰቡ የተከፈለውን ገንዘብ ይይዛል እንጂ ሰውየው በምን ምክንያት እንደሞተ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ወባ የገደለውም፣ እርጅና የወሰደውም፣ ኮረንቲ የጣለውም እኩል አንድ አንድ መስመር ነው። ያልተጻፈ ነገር ደግሞ ይረሳል። ይህችን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ስለዚህ ነው።

በቅድሚያ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። «ኮረንቲ» የምንለው ቃል ከጣሊያንኛ የተወረሰ ሲሆን በዚያ ቋንቋ የሚፈስ ነገር፣ እንደ ጅረት ማለት ነው። ለእኛ ለአርባ ምንጭ ሰዎች ነገሩ አይከብድም። ከምንጮቻችን የሚወጣው ውኃ ዝቅ ያለውን ቦታ ፈልጎ እንደሚወርድ ሁሉ፣ ኮረንቲም ወደ መሬት የሚወርድበትን መንገድ ይፈልጋል። ሰው በመካከል ከገባ መንገዱ ሰው ይሆናል።

ኮረንቲ ሰው መግደል የጀመረው ለሰው ብርሃን መስጠት በጀመረበት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 ፈረንሳይ አገር ሊዮን ከተማ አንድ የቲያትር ቤት አናጢ 250 ቮልት የተሸከመ ሽቦ ነክቶ ሞተ። ከማመንጫ በወጣ ኮረንቲ ስለሞተ ሰው ከተጻፈው ሁሉ የመጀመሪያው ይህ ነው ይባላል። ከ11 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1890፣ በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት ዊልያም ኬምለር የተባለ ነፍሰ ገዳይ በኤሌክትሪክ ወንበር ላይ ታስሮ እንዲሞት ተደረገ፤ በዓለም የመጀመሪያው እሱ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ሳይሞት ቀርቶ ዳግመኛ ተለቀቀበትና የነበሩት ሰዎች ተሰቀቁ።

ከዚህ ወንበር ጋር የእኛም አገር ስም ይነሣል። በብዙ የውጭ አገር መጻሕፍት «አጼ ምኒልክ ሦስት የኤሌክትሪክ ወንበር አስመጥተው፣ በአገሩ ኤሌክትሪክ ስላልነበረ አንዱን ዙፋን አደረጉት» የሚል ተረት ተጽፎ ይገኛል። ለዚህ ወሬ ማስረጃ አልተገኘለትም። እንዲያው ለመሳቂያ የተፈጠረ ነው። እውነተኛው ታሪክ ግን ከአድዋ ድል ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በቤተ መንግሥቱ በሞተር የሚሠራ የኤሌክትሪክ መብራት መብራቱ ነው። ንጉሡ ያስገቡት ብርሃንን እንጂ መግደያን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ቀስ እያለ ሰፋ። በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። እስከ ዛሬ በአፋችን «መብራት ኃይል» የምንለው ከዚያ የቀረ ነው። በ1952 ዓ.ም. ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ ሥራ ጀመረ። በ2009 ዓ.ም. 1,870 ሜጋዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ ሦስት በኦሞ ወንዝ ላይ ተመረቀ፤ ታላቁ የህዳሴ ግድብም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። እሰየው ነው። ኃይሉ በበዛ ቁጥር ግን ሽቦው በየጓዳችን ይበዛል።

ወደ ከተማችን እንመለስ። አርባ ምንጭ በ1950ዎቹ ዓመታት የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ከጨንቻ ወርዶ የተቆረቆረች ከተማ ናት። እኛ ልጆች ሳለን በቤታችን የነበረው ኩራዝ ነው። በኋላ ማታ ማታ ለጥቂት ሰዓት ሞተር ሲሠራ፣ መብራት በገባላቸው ቤቶች በር ላይ ቆመን አምፖሉን እናይ ነበር። በዚያን ጊዜ ኮረንቲ ከጣራው ሥር የተሰቀለ አንድ አምፖል ነበር፤ ከእጃችንም የራቀ ነበር። ዛሬ ምጣዱ በኮረንቲ ነው፤ ወፍጮው፣ ብየዳው፣ የውኃ መሳቢያው፣ የፀጉር ቤቱ፣ የእጅ ስልኩ ሁሉ በኮረንቲ ነው። ኮረንቲ ከጣራ ወርዶ ከእጃችን ገብቷል። የእኛ ጠባይ ግን በአምፖሉ ዘመን እንደነበረው ቀርቷል።

አሁን ለመጻፍ ወደ ከበደን ነገር እንግባ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። በሰፈራችን ለቅሶ ነበርና የእድሩን ድንኳን የተከልነው እኛው ነበርን። መብራት ከጎረቤት ቤት በሽቦ ሳብን። ሽቦው ስላልደረሰ ሌላ ቀጠልንበት፤ የቀጠልንበትንም በፌስታል ጠቀለልነው። አምፖሉን በድንኳኑ ብረት ምሰሶ ላይ አሰርነው። ማንም ክፉ አላሰበም። የሚያዝያ ዝናብ ማታ መጣ። የአርባ ምንጭን የሚያዝያ ዝናብ ታውቁታላችሁ። ፌስታሉ ውኃ አስገባ፣ ምሰሶው ኮረንቲ ያዘ። አንድ ጎረምሳ ድንኳኑን ሊያቃና ምሰሶውን ሲጨብጥ በዚያው ተጣብቆ ቀረ። ጩኸት ሆነ። አጎቱ በባዶ እግሩ ጭቃውን እየረገጠ ሮጦ መጣና ልጁን ከወገቡ አቀፈው። እኛም ሌሎቻችን ልንይዝ ስንንደረደር፣ እንጀራ ጋግራ የምታድር አንዲት እናት «አትንኩ! ማንም እንዳይነካ!» ብላ ጮኸችና ወደ ሰዎቹ ሳይሆን ሽቦው ወደ መጣበት ቤት ሮጠች። ሶኬቱን ነቀለችው። ልጁ መዳፉ ተቃጥሎ ተረፈ። አጎቱ አልተነሣም። በማግሥቱ ያንኑ ድንኳን ነቅለን ለእሱ ለቅሶ ተከልነው።

በመዝገቡ ላይ ስሙን የጻፍነው በገዛ እጃችን ነው። አንድ መስመር ነው። ሽቦውን የቀጠለው ማን እንደሆነ፣ በምን እንደሞተ አልተጻፈም። እስከ ዛሬ ያንን ገጽ በገለጥን ቁጥር እጃችን ይከብደናል።

ለመሆኑ ለምን ሞተ? ብለን የሚያውቁትን ጠይቀን፣ አንብበንም የተረዳነውን እናካፍላችሁ። በቤታችን የሚመጣው ኮረንቲ 220 ቮልት ነው። ሰውን የሚገድለው ግን በሰውነቱ ውስጥ የሚያልፈው መጠን ነው፤ ይህም የሚለካው በሚሊአምፔር ነው። ከ10 እስከ 16 ሚሊአምፔር አካባቢ ሲደርስ የእጅ ጡንቻ በግድ ይጨብጣል፤ ሰውየው ልልቀቅ ቢል አይችልም። «ኮረንቲ ያዘው» የምንለው ለካ ልክ ነው፤ በእውነቱ ግን የያዘው የገዛ እጁ ነው። ከ50 እስከ 100 ሲያልፍ ልብ ሥርዓቱን ስቶ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ደረቅ ቆዳ ኮረንቲን በመጠኑ ይከለክላል። በእኛ አገር ሙቀት ያላበው ወይም ዝናብ ያራሰው ሰው ግን ከ200 ሚሊአምፔር በላይ ሊያልፍበት ይችላል።

«ብሬከር አለን፣ ቫልቮላ አለን» የሚል አይጠፋም። ብሬከሩ ግን 10 አምፔር ከተጻፈበት 10,000 ሚሊአምፔር ማለት ነው። የተሠራው ሽቦ ግሎ ቤት እንዳያቃጥል እንጂ ለሰው ልብ አይደለም። ሰው ሞቶ ብሬከሩ እንደቆመ ሊገኝ ይችላል። በቫልቮላ ፋንታ ወፍራም ሽቦ የሚያስሩማ ቤታቸውንም ጭምር አሳልፈው ሰጥተዋል። ለሰው የሚሆነው ኤሌክትሪሻኖች አር.ሲ.ዲ. የሚሉት መሣሪያ ነው። 30 ሚሊአምፔር ያህል ከመንገዱ ወጥቶ ወደ መሬት ሲያመልጥ በዓይን ጥቅሻ ፍጥነት ይቆርጣል። ለዚህ ዓይነቱ መሣሪያ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ቻርልስ ዳልዚል የተባለ የካሊፎርኒያ ፕሮፌሰር ሲሆን፣ ሰው ከስንት በላይ ሲሆን መልቀቅ እንደሚያቅተው በፈቃደኞች ላይ ለክቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 የራሱን መሣሪያ ሠርቷል።

ዋናው ጉዳያችን ግን ሮጦ የሚጨብጠው እጅ ነው። እኛ ኡኡታ ስንሰማ የምንወጣ ሕዝብ ነን። እድርም የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። ጡሩምባ ተነፍቶ ያልወጣ ይቀጣል፤ የወደቀን ያላነሣ ይታማል። ይህ ጠባያችን ያኮራናል፤ ይቅር አንልም። ይሁን እንጂ አደጋው ገና ባለበት ቦታ ርኅራኄ ብቻውን ሰው ይገድላል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤታችን በገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን መቼም አንረሳውም። መሬት ተንሸራትቶ ሰው ሲቀብር ጎረቤት ሊያወጣ ሮጠ፤ በመቆፈር ላይ ሳሉ ሁለተኛው ናዳ ወረደባቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ከእነዚያም ብዙዎቹ ለመርዳት የሄዱ ነበሩ። እዚያ የሚመጣውን ናዳ ማቆም የሚችል ሰው አልነበረም። ኮረንቲን ግን ማቆም ይቻላል። ማጥፊያው ግድግዳው ላይ ነው፤ ያቺ እናት እንዳደረገችው ወደዚያ መሮጥ ብቻ ነው።

ስለዚህ አባላት ሁሉ ለቤተሰብ እንድታነቡላቸው የሚከተለውን እንጽፋለን።

አንደኛ፤ ኮረንቲ የያዘውን ሰው አትንኩ። መጀመሪያ ቆጣሪው ዘንድ ያለውን ብሬከር አጥፉ ወይም ሶኬቱን ንቀሉ። ይህ ፈጽሞ ካልተቻለና የቤት ኮረንቲ ከሆነ፣ በደረቅ ሳንቃ ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት ወይም በፕላስቲክ ወንበር ሽቦውን ከሰውየው አርቁ። ብረትና እርጥብ ነገር አይሆንም።

ሁለተኛ፤ በመንገድ ምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ የሚሄደው መስመር 15,000 ወይም 33,000 ቮልት የሚሸከም ሊሆን ይችላል። ለዚህ ደረቅ እንጨትም አያስተማምን። ሽቦ ወድቆ ካያችሁ ቢያንስ 10 ሜትር ራቁ፤ ሰው አስከልክሉ፤ ወደ መብራት ኃይል ደውሉ። ቅርብ ሆናችሁ ከተገኛችሁ እግራችሁን ሳታራርቁ በትንንሹ እየጎተታችሁ ውጡ፤ መሬቱ ራሱ ኮረንቲ ይይዛልና።

ሦስተኛ፤ ማንጎ የሚለቅሙ ልጆቻችንን እንምከር። ሽቦ ካለበት ዛፍ ላይ መውጣት፣ በብረት ቱቦ ወይም በእርጥብ ቀርከሃ ማውረድ ይቅር። ልብስ ማስጫ ሽቦም ከመብራት ምሰሶ ጋር አይታሰር።

አራተኛ፤ ኮረንቲ የጣለውን ሰው አፈር ውስጥ ቅበሩት፣ ወተት ጋቱት የሚል ምክር ሲሰጥ ሰምተናል። ይህ ጊዜ ማጥፋት ነው። ኮረንቲው ከተቋረጠ በኋላ ትንፋሽ ከሌለው በጀርባው አስተኝታችሁ የደረቱን መካከል በሁለት መዳፍ ከ5 እስከ 6 ሳንቲሜትር ወደ ታች እየተጫናችሁ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ሐኪም እስኪደርስ አታቋርጡ። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1960 ከጓደኞቹ ጋር ለዓለም ያስተዋወቀው ዊልያም ካውወንሆቨን ሐኪም ሳይሆን የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበረ፤ ጥናቱን የጀመረውም በምሰሶ ላይ ይሞቱ ስለነበሩ የመስመር ሠራተኞች ነው። የተረፈ ሰውም «ደህና ነኝ» ቢል ሐኪም ቤት ይሂድ፤ ጉዳቱ ውስጥ ለውስጥ ነውና።

በቀን ሥራ ለሚያድሩ ልጆቻችንም አንድ ቃል አለን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብና ስለ አደጋው ለሠራተኛው እንዲያስረዳ ያዛል። በመስመር ሥር ፌሮ ብረት አቁም ሲባል «መስመሩ ይጥፋ» ማለት ፈሪነት አይደለም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላልና በጥድፊያ የተሠራ ሁሉ በጥድፊያ ይፈርሳል።

በመጨረሻም ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ነገር እናሳስባለን። የድንኳናችን መብራት በቻርጅ ወይም በፀሐይ የሚሠራ ይሁን፤ ካልሆነም ያልተቀጠለ ሙሉ ገመድ በአር.ሲ.ዲ. በኩል አልፎ፣ ከብረት ምሰሶ ርቆ፣ በባለሙያ ይዘርጋ። ከየሰፈሩ ሁለት ሁለት ወጣቶች ከቀይ መስቀል የመጀመሪያ እርዳታ ይማሩ። በመዝገባችንም ላይ «የሞቱበት ምክንያት» የሚል አንድ አምድ ይጨመር። ለዚህ ወጪ የለበትም፤ ማስመሪያና እስክሪብቶ ይበቃል። ማስመሩን እኛ እንሠራዋለን። የመጀመሪያውንም የምንሞላው ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሰን፣ በዚያች አንድ መስመር ትይዩ ነው።

ሞት ከጥሪ አይቀርም፤ ሁላችንንም በተራችን ይወስደናል። ነገር ግን ጎረቤቱን ሊያነሣ የሮጠ ሰው ስላላወቀ ብቻ መሞት የለበትም። ከእንግዲህ ኡኡታ ስትሰሙ እንደ ወትሮው ሩጡ፤ መጀመሪያ ግን ወደ ማጥፊያው።