የፍሬን ጩኸትና ንዝረት በአዳዲስ መኪኖች

የፍሬን ጩኸትና ንዝረት መኪና ፍሬን ሲይዝ ከሸራና ከዲስክ ፍትጊያ የሚነሡ ሁለት ምልክቶች ናቸው፤ አንዱ በጆሮ ይሰማል፣ ሌላው በመሪ፣ በፔዳል ወይም በመቀመጫ ይታወቃል። ባለንብረቱ ብዙ ጊዜ ሁለቱን እንደ አንድ ችግር ይዞ ወደ ጋራዥ ይሄዳል፤ መነሻቸው ግን ይለያያል። ጩኸት አብዛኛውን ጊዜ የማቆም አቅምን አይቀንስም። ንዝረት ግን የዲስኩ ውፍረት መዛባቱን ወይም ከእግሩ ክፍሎች አንዱ መላላቱን ያመለክታል። ለሁለቱም በጥድፊያ የሚሰጡት መልሶች «ሸራው ይቀየር» እና «ዲስኩ ተጣሟል» ናቸው። ምንም ሳይለካ ሲነገሩ ሁለቱም የባለንብረቱን ገንዘብ ያባክናሉ፤ ችግሩም ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ድምፁ እንዴት ይፈጠራል

ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይት ግፊት የካሊፐሩን ፒስተን ይገፋል፤ ሁለት ሸራዎችም የሚሽከረከረውን ዲስክ ከግራና ከቀኝ ይጨብጡታል። የመኪናው ጉልበት በፍትጊያው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሸራው ግን በዲስኩ ላይ ሁልጊዜ እኩል አይንሸራተትም፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥ እጅግ ብዙ ጊዜ እየያዘ ይለቃል። ሙጫ የተቀባው የመሲንቆ ደጋን ጭራውን ሲስበው ድምፅ የሚወጣው በዚሁ መንገድ ነው። ይህ መያዝና መልቀቅ ከዲስኩና ከካሊፐሩ ተፈጥሯዊ ርግብግቢት ጋር ሲገጥም ከ1,000 ኸርዝ በላይ የሆነ ቀጭን ሲጢጥታ ይሰማል። ስለዚህ ጥሩ ሸራና ጥሩ ዲስክ አብረው ሊጮኹ ይችላሉ፤ ጩኸት ብቻውን የዕቃ ማለቅ ማስረጃ አይደለም።

ችግሩ የዲስክ ፍሬንን ያህል ዕድሜ አለው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1902 የዲስክ ፍሬን የፈጠራ መብት ሲያገኝ ሸራው ከመዳብ ነበር፤ ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚወጣው ጩኸትም ፈጠራውን እጅግ አስቸጋሪ አድርጎት ነበር። ድምፁን ያበረደው በኋላ የመጣው የአስቤስቶስ ሸራ ነው። አስቤስቶስ ለሳንባ ካንሰር እንደሚዳርግ ከታወቀ ወዲህ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ አገደው፤ አሜሪካም በ2024 የመጨረሻውን በአገልግሎት ላይ ያለ ዓይነት የሚከለክል ደንብ አወጣች። በምትኩ የገቡት የአረብ ብረት ክሮች፣ ሴራሚክና መዳብ ናቸው። መዳቡም በተራው ወንዝና ባሕር ይበክላል ተብሎ የካሊፎርኒያና የዋሽንግተን ግዛቶች በ2010 ባወጧቸው ሕጎች በ2025 ከ0.5 በመቶ በታች እንዲወርድ ተደረገ። የሸራ ቅመም በተለወጠ ቁጥር የድምፁ ጠባይም ይለወጣል። ብረት የበዛበት ሸራ ሙቀትን ቢችልም ይጮኻል፣ ዲስክም ይበላል፤ ሴራሚክ ዝም ይላል፣ ዋጋው ግን ይወደዳል።

ድምፁን መለየት

ምርመራው የሚጀምረው ጎማ ከመፍታት ሳይሆን ከጥያቄ ነው፦ ድምፁ የሚሰማው መቼ ነው? ሌሊት ዝናብ ወይም ጤዛ አድሮ ጠዋት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት አያያዞች የሚሰማው ፍግፈጋ በዲስኩ ላይ የታየው ስስ ዝገት ሲጠረግ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከጠፋ ጥገና አይሻም። ፍሬን ቀስ ተብሎ ሲለቀቅ፣ በተለይ ካምቢዮው አውቶማቲክ በሆነ መኪና ላይ የሚሰማው ወፍራም ማጉረምረም ያው መያዝና መልቀቅ በዝቅተኛ ፍጥነት ሲሆን ነው። በሚያንሸራትት መንገድ ላይ ፔዳሉ እግርን እየመታ ሲያንገራግር ደግሞ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ ሥራውን እየሠራ ነው፤ በዚህ ጊዜ ፔዳሉን መልቀቅ ትልቅ ስሕተት ነው።

ፍሬን ሳይያዝ የሚሰማና ሲያዝ የሚለወጥ ወይም የሚቆም ቀጭን ጩኸት ከሸራው ጋር የተገጠመችው ትንሽ የማስጠንቀቂያ ብረት ዲስኩን መንካት መጀመሯን ሊያመለክት ይችላል። አዲስ ሸራ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፤ 3 ሚሊሜትር ገደማ ሲደርስ መቀየር አለበት። ማስጠንቀቂያው ችላ ከተባለ ድምፁ ወደ ወፍራም የብረት መፋጨት ይለወጣል። እዚህ ደረጃ የደረሰ መኪና ወደ ጋራዥም ቢሆን መነዳት የለበትም፤ ተጭኖ ይሂድ።

በጠጠር መንገድ የሚሄድ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ሌላም ድምፅ አለ። በዲስኩና ከኋላው ባለው የአቧራ መከላከያ ቆርቆሮ መካከል ጠጠር ሲገባ ድንገተኛና የሚያስደነግጥ ፍጭት ይሰማል፤ መፍትሔው ጠጠሩን አውጥቶ ቆርቆሮውን ማቃናት ነው። ስለዚህ ድንገት ለጀመረ ድምፅ ሸራ ከማስቀየር በፊት ወደዚያ መመልከት ይበጃል። ከፍጥነት ጋር የሚጨምር፣ በመታጠፊያ ላይ የሚለዋወጥና ፍሬን ቢያዝም ባይያዝም የማያቋርጥ እምምታ ደግሞ የኩሽኔታ ችግር ነው፤ ፍሬኑን አይመለከትም።

«ዲስኩ ተጣሟል»

ንዝረት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጣራው ፍሬን ሳይያዝም መኖሩ ነው። በሰዓት ከ80 እስከ 110 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መካከል ያለ ፍሬን የሚንቀጠቀጥ መሪ ብዙ ጊዜ የጎማ ባላንስ ወይም የቸርኬ ጉዳይ ነው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ መሪው ከተንቀጠቀጠ የፊት እግሮች፣ መቀመጫው ከተንቀጠቀጠ የኋላ እግሮች ይጠረጠራሉ። ያረጀ ቴስቲና ወይም የላላ ጎሚኒ ትንሹን ንዝረት ስለሚያጎላው አብሮ መታየት አለበት።

በአብዛኛው «ተጣሟል» የተባለው ዲስክ ሲለካ ያልተጣመመ ሆኖ ይገኛል። የተበላሸው የውፍረቱ እኩልነት ነው። በአንዱና በሌላው ጎን መካከል የ0.015 ሚሊሜትር ልዩነት እንኳ በአንዳንድ መኪኖች ላይ ይሰማል፦ ወፍራሙ ቦታ በሸራዎቹ መካከል ሲያልፍ ፒስተኑን ወደ ኋላ ይገፋል፣ ግፊቱም በፔዳሉ በኩል ለእግር ይደርሳል። ዙሪያው 2 ሜትር የሆነ ጎማ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሰከንድ 14 ጊዜ ያህል ስለሚዞር ንዝረቱም ይህንኑ ምት ይከተላል።

ልዩነቱ የሚፈጠርባቸው ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው አገጣጠም ነው። ዲስኩ በሚቀመጥበት ሞዞ ላይ ዝገት ወይም ቆሻሻ ካለ፣ ወይም ዳዶዎቹ በአየር መፍቻ እኩል ሳይሆኑ ከጠበቁ፣ ዲስኩ ቀና ሆኖ አይቀመጥም። በዚህ የተነሣ በየዙሩ አንድ ቦታው ብቻ ሸራውን እየነካ፣ ፍሬን ሳይያዝ እንኳ ቀስ በቀስ ይሳሳል። አዲስ ዲስክ የተገጠመለት መኪና በመጀመሪያው ወር ሰላም ሆኖ ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ መንቀጥቀጥ የሚጀምረው ለዚህ ነው፤ ጥፋቱም የዕቃው ሳይሆን የገጠመው እጅ ነው። ብዙ አምራቾች ከተገጠመ በኋላ የሚፈቅዱት የዲስክ መወላገድ 0.05 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ በዐይን አይታይም፤ በዳያል ጌጅ መለካት አለበት።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጥላል። አሽከርካሪው በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩን ከማሠራት ይልቅ ሙሉውን ቁልቁለት ፍሬን እየረገጠ ቢወርድና ታች ደርሶ እግሩን ሳያነሣ ቢቆም፣ የጋለው ሸራ ቅመሙን በአንድ ቦታ ላይ አትሞ ይተወዋል። ያ ቦታ ከሌላው ይበልጥ ስለሚይዝ ይበልጥ ይግላል፤ ሙቀቱ በጣም ሲበዛም የዲስኩ ብረት እዚያው ላይ ወደ ጠንካራ ጠባይ ይለወጣል። እንዲህ የጠጠረ ነጥብ በቶርኖ ቢላጭም ሥሩ ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ ንዝረቱ ይመለሳል። ያኔ ዲስኩን መቀየር ይሻላል።

የኤሌክትሪክ መኪኖች

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ይህ ክፍል ለብዙ ባለንብረቶች የዕለት ጉዳይ ሆኗል። የኤሌክትሪክ መኪና ፍጥነቱን ሲቀንስ በአብዛኛው የሚያቆመው ሞተሩ ራሱ ነው፤ ጉልበቱንም ወደ ባትሪ ይመልሳል። ሸራና ዲስክ ሥራ ሲፈቱ ዕድሜያቸው ይረዝማል፤ ዝገትና አቧራ ግን ይሰበሰብባቸዋል፣ የካሊፐሩ ተንሸራታች ፒኖችም ይደርቃሉ። የሞተር ድምፅ ስለሌለ ትንሹ ሲጢጥታ ሁሉ ጎልቶ ይሰማል። ቮልስዋገን በአይዲ 4 የኋላ እግሮች ላይ ከዝገት የተከለለ ታምቡር ፍሬን የገጠመውም ያለ ምክንያት አይደለም። ባለንብረቱ ማድረግ የሚችለው ቀላል ነገር አለ፦ አልፎ አልፎ፣ ከኋላ መኪና በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ፣ ፍሬኑን ጠንከር አድርጎ በመያዝ ዲስኩን ማጥራት።

ጥገና

ዝም የሚያሰኘው ሥራ አሰልቺና ጥቃቅን ነው። የሞዞው ፊት በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል። ፒኖቹ ተፈትተው ይጠረጋሉ፤ የሚቀቡትም ለፍሬን የተሠራ የሲሊኮን ግራሶ ነው፤ ተራ ግራሶ የፒኖቹን የጎማ ሽፋኖች ያሳብጣል። የውስጡ ሸራ ከውጭኛው ይበልጥ ካለቀ ፒኑ ወይም ፒስተኑ ተጣብቋል ማለት ስለሆነ፣ ይህ ሳይስተካከል አዲስ ሸራ መግጠም ከንቱ ነው። ከሸራው ጀርባ ያሉት ስስ የድምፅ ማፈኛ ሉሆች እንደ ትርፍ ዕቃ መጣል የለባቸውም። ዳዶዎቹ በኮከብ ቅደም ተከተል፣ የማጥበቂያ ኃይሉን በሚለካ መፍቻ ይጠብቃሉ፤ ለምሳሌ ለቶዮታ ኮሮላ መጠኑ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ዲስክም ሸራም በአንድ አክሰል ላይ በጥንድ ይቀየራሉ። የዲስኩ የመጨረሻ ውፍረት በራሱ ላይ ተቀርጿል፤ ከዚያ በታች የሳሳ አይላጭም።

የእጅ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ፒስተኑ በመመርመሪያ መሣሪያ ወደ ጥገና ሁኔታ ሳይገባ በጉልበት መገፋት የለበትም፤ ውስጡ ያለው ማርሽ ይሰበራል። በአንዳንድ የቶዮታ ሃይብሪዶች ደግሞ የሹፌሩ በር ሲከፈት የፍሬኑ ፓምፕ በራሱ ግፊት ስለሚፈጥር ሸራው በወጣበት ሰዓት በር መክፈት ጣት ያስበላል።

ከተገጠመ በኋላ ሸራውና ዲስኩ መላመድ አለባቸው። አምራቹ ሌላ መመሪያ ካልሰጠ በቀር በሰዓት ከ60 ወደ 10 ኪሎ ሜትር በመጠነኛ ኃይል አሥር ጊዜ ያህል መቀነስ፣ በየመካከሉም ማቀዝቀዝ ይበቃል፤ ፍሬኑ እንደጋለ ግን ረግጦ መቆም አይገባም። ሸራ ሲገዛ በክብ ውስጥ የተጻፈ የ«ኢ» ፊደልና ቁጥር ዕቃው በተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ዕቃ ደንብ ቁጥር 90 መሠረት የተፈተነ መሆኑን ያመለክታል።

መነሻው የማይታወቅ ሸራ ዛሬም አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፤ ይህንንም በዐይን መለየት አይቻልም። የሚያስከትለው ሕመም ከብዙ ዓመታት በኋላ የሚገለጥ ነው። ስለዚህ መካኒኮች የፍሬን ብናኝ በኮምፕረሰር አይንፉ፤ በፍሬን ማጽጃ ወይም በሳሙና ውሃ አርጥበው ይጥረጉ፣ አፍና አፍንጫቸውንም ይሸፍኑ። ባለንብረቱም መኪናውን ሲሰጥ ይህንኑ ይጠይቅ።