ድርሻና ሹመት፦ በቤተ ዘመድ ንግድ ስለሚታየው «የኔ ነው» ባይነት

አባት ለፍቶ ባቆመው ንግድ ቤት የወንድም ልጅ ማታ ማታ ከገንዘብ መሳቢያው ያሻውን ያህል ሲያነሣ፣ በደመወዝ የሚያድረው ገንዘብ ያዥም የጌታውን ዘመድ ደፍሮ መጠየቅ ስላልቻለ ወጪውን በመዝገብ ሳያሰፍር ሲቀር፣ ከጐደለው ብር ይልቅ የሚከፋው የቤቱ ሥርዓት መፍረሱ ነው። ወጣቱ ግን የሥጋ ዝምድና፣ የሀብት ድርሻና የሥራ ሹመት በልቡናው አንድ ሆነው ስለ ተዋሐዱበት፣ የበደለ አይመስለውም። ስለዚህ ሦስቱን ለይቶ የሚደነግግ ሥርዓት መሥራቹ በሕይወት ሳለ በጽሑፍ ካልቆመ፣ ምክርና ተግሣጽ ብቻውን አይበቃም።

ሦስቱ ተለይተው ሊደነገጉ እንደሚችሉ የጃፓኑ የሚትሱይ ነጋዴ ቤት ምስክር ይሆነናል። ሚትሱይ ታካቶሺ እ.ኤ.አ. በ1673 ዛሬ ቶኪዮ በምትባለው በኤዶ ከተማ ኤቺጎያ የተባለውን የጨርቃ ጨርቅ መደብር ከፍቶ፣ በቁርጥ ዋጋና በእጅ በእጅ እየሸጠ ባለጸጋ ከሆነ በኋላ በ1694 ሲያርፍ፣ ልጆቹ ሀብቱን እንዳይበትኑት ተማክረው በ1710 ኦሞቶካታ የተባለ የበላይ ጽሕፈት ቤት አቆሙ። የበኵር ልጁ ታካሂራም በ1722 ባጸናው የቤት ሕግ ሀብቱ በ220 ድርሻ ተመድቦ 62ቱ ለታላቁ ቤት፣ ከቀረውም አብዛኛው እንደየማዕርጋቸው ለሌሎቹ ቤቶች ተደለደለ። ይሁን እንጂ ማንም ድርሻውን ነቅሎ መውጣት አይፈቀድለትም ነበር፤ የየቤቱም መተዳደሪያ ተወስኖ ከኦሞቶካታ ይሰጥ ነበር። የዕለት ሥራውን በአብዛኛው የሚመሩት ከልጅነታቸው ጀምሮ በመደብሩ አገልግለው በችሎታቸው የተሾሙ፣ ከቤተ ዘመዱ ያልተወለዱ ሰዎች ነበሩ።

ነገር ግን ሕግ ጠባቂ ይሻል። የየቤቱ ወጪና ዕዳ እየበዛ ሲሄድ፣ በ1774 ሀብቱ በሦስት ወገን ተከፈለ፤ ተመልሶ አንድ የሆነውም በ1797 ነው።

በአገራችንም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ወላጅ ሳይናዘዝ ቢሞት ልጆቹ በእኩልነት እንዲወርሱት ያዝዛል፤ ይህም ቅን ፍርድ ነው። ሆኖም ሕጉ ለወራሾች ያካፈለው ሀብትን ነው፤ ሥራ አስኪያጅነትን ለማንም አላወረሰም። በሌላ በኩል የዘመድ አቤቱታ ሁሉ ከስግብግብነት የመነጨ አይደለም፤ ንግዱ ሲጀመር ጥሪቱን ያዋጣ ወንድም፣ ያለ ደመወዝ ሌሊትና ቀን የደከመች እኅት ሞልተዋልና፣ ድካማቸው ተመዝግቦ ዋጋው በጊዜው ባለመከፈሉ ነው በኋላ «የኔ ነው» ወደ ማለት የሚደርሱት። እንግዲህ ያዋጣው ድርሻው ይጻፍለት፤ የሠራው እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ደመወዙ ይቈረጥለት፤ ችግረኛው ዘመድም ከባለቤቱ የትርፍ ድርሻ ይረዳ እንጂ ከንግዱ ሒሳብ አይነካለት። ሥራ የሚፈልገው የቤተ ዘመድ ልጅም ለባዕድ የተደነገገው መመዘኛ ይደንገግለት፤ ሲያጠፋም ያው ቅጣት ያግኘው።

ስለዚህ ንግድ ቤት ያቆማችሁ አባቶችና እናቶች ሆይ፣ ይህን ሥርዓት ለኑዛዜ ሰዓት አታቆዩት፤ ዛሬ ልጆቻችሁንና ዘመዶቻችሁን ሰብስባችሁ በምስክር ፊት አጽፉት፤ ከሁሉ አስቀድማችሁም ራሳችሁ ከመሳቢያው የምታነሡትን ብር በመዝገብ አስፍሩ።