ቋሚ ሰብልና የቡናችን ፈተና

ቋሚ ሰብል የሚባለው አንድ ጊዜ ከተተከለ በኋላ በየዓመቱ እንደገና መዝራት ሳያስፈልግ ለብዙ ዓመታት በማሳ ላይ የሚቆይ ተክል ነው። ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ በአንድ የምርት ዘመን ተዘርተው የሚሰበሰቡ ዓመታዊ ሰብሎች ሲሆኑ ቡና፣ ጫት፣ ጌሾ፣ ማንጎና አቮካዶ ከቋሚ ሰብሎች ይመደባሉ።

ትርጉሙ በየዓመቱ ፍሬ መስጠትን ብቻ አይመለከትም። እንሰት ለቆጮ የሚውለው ከዓመታት ቆይታ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆንም ቋሚ ሰብል ነው። የሙዝ ግንድም አንድ ጊዜ አፍርቶ ይሞታል፤ ከሥሩ የሚወጡት ቡቃያዎች ግን ተክሉን ያስቀጥላሉ።

ይህ ልዩነት ለአርሶ አደሩ ምን ትርጉም እንዳለው የቡና ታሪካችን ያስተምራል። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1922 በኬንያ ከታወቀ በኋላ በ1971 በኢትዮጵያ ታየ። በሽታውን የሚያመጣው ፈንገስ ሲሆን፣ በተለይ ዝናብና ቅዝቃዜ በሚበዛባቸው ደጋማ የቡና አካባቢዎች አረንጓዴውን ፍሬ አጥቁሮ ያረግፋል። የጤፍ ዘር በበሽታ ቢጠቃ በሚቀጥለው ክረምት ሌላ ዘር መዝራት ይቻላል። የቡና ዛፍ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለወጥም። ነቅሎ በአዲስ ችግኝ የተካ ገበሬ የመጀመሪያውን ምርት ለማየት ሦስትና አራት ዓመት መጠበቅ አለበት። በእነዚያ ዓመታት ቤተሰቡ ምን ይብላ? ጥያቄው ይህ ነበር።

ኬሚካል መርጨት አንዱ አማራጭ ቢሆንም ወጪው ለአነስተኛ አርሶ አደር የሚቀመስ አልነበረም። በመሆኑም ተመራማሪዎች በሽታው በተስፋፋባቸው ማሳዎች እየዞሩ ሌሎች ዛፎች ሲጠቁ ፍሬያቸው ንጹሕ ሆኖ የተገኘውን ዛፎች መረጡ። ኢትዮጵያ የዓረቢካ ቡና መገኛ በመሆኗ በማሳውና በጫካው ውስጥ ያለው የዝርያ ብዛት ለዚህ ሥራ ትልቅ ሀብት ሆኗል። ከተመረጡት ዛፎች ዘር ተወስዶ በጅማ ምርምር ማዕከል ተፈተነ። ገበሬው በቁጥር የሚያውቃቸው 74110 እና 74112 የዚህ ሥራ ውጤቶች ናቸው። መነሻው 74 ዛፎቹ የተመረጡበትን እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታል።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። በቋሚ ሰብል ላይ የተሠራ ስሕተት በአንድ ክረምት አይታረምም። ስለዚህ ችግኝ ከመትከል በፊት ዝርያው ለአካባቢው ተስማሚና በሽታን የሚቋቋም መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ያረጀውን ቡና ሁሉ በአንድ ጊዜ ከመንቀል ይልቅ በየዓመቱ የተወሰነውን ክፍል መጎንደል ወይም መተካት ይመረጣል፤ ቀሪው ክፍል እያፈራ ቤተሰቡን ያሻግራልና።