ባትሪው ቢሞት ፋኖሱ አልሞተም



በጣቢያችን ውስጥ ከየቤቱ ጀርባ የተጣሉ ትንንሽ የሶላር ፋኖሶችን ሳያዩ ማለፍ ያዳግታል። ባለቤቶቻቸው ቢጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ሞተ» ይላሉ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም የራሱን ፋኖስ እንዲሁ ብሎ ጥሎ ነበር። ለመሆኑ የሞተው የትኛው ክፍሉ ነው? መልሱን ለማግኘት ታሪኩን ከሥሩ መመልከት ይጠቅማል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1839 ዓ.ም. ኤድሞን ቤክሬል የተባለ የ19 ዓመት ፈረንሳዊ፣ አሲድነት ባለው ፈሳሽ ውስጥ በተነከሩ የብረት ሰሌዳዎች ላይ ብርሃን ሲያርፍ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር አስተዋለ። በ1883 ዓ.ም. አሜሪካዊው ቻርልስ ፍሪትስ ሴሌኒየምን በስስ ወርቅ ለብጦ የፀሐይ ሴል ሠራ፤ ነገር ግን ካረፈበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የለወጠው ከመቶ አንድ እጅ ያህሉን ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰባ ዓመት አለፈ። በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ የሚሠራው ዳሪል ቻፒን፣ የባትሪ ድንጋይ በሙቀትና በእርጥበት ቶሎ እየተበላሸ የስልክ መሣሪያዎችን ስላስቸገረ ሌላ የኃይል ምንጭ ይፈልግ ነበር። ከካልቪን ፉለርና ከጄራልድ ፒርሰን ጋር ሆኖ፣ ከመቶ ስድስት እጅ የሚለውጠውን የሲሊከን ሴል በ1954 ዓ.ም. ለሕዝብ አሳዩ። እነሆ፣ ዛሬ በእጃችን ያለው ፋኖስ የዚያ ሴል ልጅ ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ሲሊከን የሚገኘው ከአሸዋ ነው። ከአንዱ ገጹ ጥቂት ፎስፈረስ፣ ከሌላው ጥቂት ቦሮን ሲገባበት በመካከላቸው ድንበር ይፈጠራል። ብርሃን ሲመታው ኤሌክትሮኖች ከቦታቸው ይላቀቃሉ፤ ድንበሩም ወደ አንድ አቅጣጫ ይነዳቸዋል፤ በሽቦ ሲጓዙ ኤሌክትሪክ ይሆናሉ። አንዲት ሴል የምትሰጠው ግማሽ ቮልት ያህል ስለሆነ ብዙ ሴሎች በተርታ ይያያዛሉ። በውስጡ የሚነድም ሆነ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለ፣ በሚገባ የተሠራ ሰሌዳ ከ20 ዓመት በላይ ሊያገለግል ይችላል።

ሰሌዳው ግን ያመነጫል እንጂ አያጠራቅምም። ቀን የመጣውን ለሌሊት የሚያቆየው ባትሪው ነው። ባትሪ በኬሚካል ለውጥ ስለሚሠራ በሞላና በጎደለ ቁጥር ያረጃል፤ ሙቀትም እርጅናውን ያፋጥንበታል።

ይህን እውነት ሰማይም መስክሮታል። በመጋቢት 1958 ዓ.ም. አሜሪካ ቫንጋርድ 1 የምትባል፣ ስፋቷ 16 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሆነ ትንሽ ሳተላይት አመጠቀች። ሁለት የሬዲዮ ማሰራጫዎች ነበሯት፤ አንዱ በባትሪ፣ ሁለተኛው በስድስት የፀሐይ ሴሎች የሚሠሩ። የባትሪው በዚያው ዓመት በሰኔ ዝም አለ፤ የፀሐዩ ግን እስከ 1964 ዓ.ም. ድምፁን አሰማ።

የጽሑፉ አቅራቢ ይህን ካነበበ በኋላ የጣለውን ፋኖስ አንስቶ ወደ ሬዲዮ ጠጋኝ ወሰደው። ጠጋኙም ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ፣ ቀትር ላይ ፀሐይ አስመትቶ በቮልት መለኪያ ለካው። ሰሌዳው ደኅና ነበር፤ ያለቀው ባትሪው ነበር። ተመሳሳይ ዓይነትና ቮልት ያለው ባትሪ ተተካለት፤ በዚያው ምሽት የጎረቤታችን ልጅ የሒሳብ ደብተሯን ይዛ መጣች።

ስለዚህ ወገኖች፣ ከመጣላችሁ በፊት አስመርምሩ። ያረጀውን ባትሪ ግን አትብሱት፣ እሳት ውስጥም አትጣሉት፤ ሊፈነዳ ይችላልና። ሰሌዳውን ፀሐይ ላይ ስታሰጡ፣ ሽቦው የሚደርስ ከሆነ ፋኖሱን ጥላ ሥር አኑሩት። በጨለማ ውኃ ለመቅዳት የምትወጣ እናት የሚያስፈልጋት ብርሃን፣ ከቤቱ ጀርባ ተጥሎ ይሆናል።