ከስልቻ እስከ ማዳበሪያ
የጎጃም ደጋ ተጣጣፊ ማሸጊያዎች ታሪክ

በደብረ ማርቆስ የእህል ገበያ «አንድ ማዳበሪያ አምጣልኝ» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ዩሪያ መፈለጉ አይደለም። የሚፈልገው ባዶ ከረጢት ነው። የይዘቱ ስም ወደ መያዣው ተላልፎ፣ ከፕላስቲክ ክር የተሸመነው ነጭ ከረጢት በመላ አገሪቱ ማዳበሪያ ተብሎ ቀርቷል። መያዣው ከይዘቱ በኋላ ብዙ ዘመን ባያገለግል ኖሮ ስሙን ባልወረሰም ነበር። ዛሬ በሙያው ዘንድ ዘላቂ ማሸጊያ ስለ መምረጥ ሲመከር ክርክሩ በአብዛኛው ስለ ጥሬ ዕቃው ዓይነት ነው። የጎጃም ደጋ ታሪክ ግን ከዚያ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ ያነሣል፤ ይኸውም ዕቃው ባዶ ከሆነ በኋላ ማን ይፈልገዋል የሚለው ነው።

ደብረ ማርቆስ ገና መንቆረር ትባል በነበረበት ዘመን፣ ከእርሷ በስተ ደቡብ በየጁቤ አካባቢ ይውል የነበረው የባሶ ገበያ ከዓባይ ወዲህና ወዲያ የሚመጡ ነጋዴዎች መገናኛ ነበር። በ1830ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ገደማ በዚያ አገር የቆየው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ ስለ ገበያው ንግድ ጽፏል። ከዓባይ ማዶ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ፣ እንዲሁም በዝምታ ሊታለፉ የማይገባቸው ለባርነት የሚሸጡ ሰዎች ይመጡ ነበር፤ ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨው ይመጣል። ዝባዱ በከብት ቀንድ ውስጥ ተሞልቶ፣ አፉ በቆዳ ተለጉሞ ይጓዛል። ለእህሉና ለቡናው ግን የቆዳ ከረጢት ነበረለት። ዓባይን ለመሻገርም በነፋስ የተነፋ ስልቻ ለዋናተኛው መንሳፈፊያ ይሆን ስለ ነበር፣ ያው መያዣ በየብስ ጭነት፣ በውኃ ላይ ደግሞ ታንኳ ነበር ማለት ይቻላል።

የስልቻ አሠራር በማሸጊያ ባለሙያ ዓይን ሲታይ የሚያስደንቅ ነው። የፍየሉ ቆዳ ሳይሰነጠቅ እንዳለ ይገፈፋል፤ እግሮቹ ይቋጠራሉ፤ አንገቱ አፍ ይሆናል። ስለዚህ በጎኑ ስፌት የለበትም። ይህም ለጤፍ አገር ቀላል ነገር አይደለም፤ የጤፍ ፍሬ ስፋቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር የማያልፍ በመሆኑ ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ ይፈስሳል። ከስልቻው አነስ ያለው ቀልቀሎ ለመንገድ ስንቅ ይውላል። ሁለቱ ከመመሳሰላቸው የተነሣ «ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ» የሚለው አባባል ለማይለያዩ ነገሮች ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። ሲቀደድ ይጣፋል፤ መጣፊያውም ራሱ ያረጀ ስልቻ ነው።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ማስዋብ አይገባም። ቆዳ አይጥ ይበላዋል፤ እርጥበት ያሻግተዋል፤ ቅባት ካላገኘ ይደርቃል፤ ለእያንዳንዱ ከረጢትም አንድ ፍየል መታረድ አለበት። ከሁሉ የሚከፋው ግን ይህን የመሰለ ዕቃ የሚያለፋው ባለሙያ «ፋቂ» እየተባለ መናቁ ነበር። ሰው እህሉን በሠራለት ከረጢት እያኖረ ሠሪውን ከማዕዱ ያርቅ ነበር። ሙያው በራሱ መንገድ ሳያድግ የቀረበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ጆንያ ከመኪና መንገድ ጋር እየተስፋፋ መጣ። ይህ ከቃጫ መሰል ክር የሚሸመን ከረጢት በክብደቱ ልክነት ለነጋዴው ተስማማ፤ በቁናና በዳውላ ፈንታም ኩንታል የገበያው ቋንቋ ሆነ። ለስንዴና ለባቄላ የተመቸውን ያህል ግን ሽመናው ላላ ያለ በመሆኑ ለጤፍ አልተመቸም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ነው። በዚያ ዐሥር ዓመት የመጀመሪያ ዓመታት የግብርና ሚኒስቴር በአነስተኛ ፓኬጅ ፕሮግራሙ ዳፕና ዩሪያን ለገበሬው ማዳረስ ጀመረ፤ ጎጃምም ከጊዜ በኋላ ብዙ ማዳበሪያ ከሚጠቀሙት አካባቢዎች አንዱ ሆነ። ማዳበሪያው የሚመጣበት ከረጢት ውጭው ከፖሊፕሮፒሊን ክር የተሸመነ፣ ውስጡ በስስ ፖሊኢትሊን የተገበረ፣ 50 ኪሎ የሚይዝ ነው። የተሠራው ጨው መሰሉን ፍሬ ከእርጥበት ለመጠበቅ ነበር። ገበሬው ግን አጥቦ ጤፍ ሞላበት። ቀጥሎ ድንች፣ ከዚያም ከሰል፤ ሲያረጅ ተተርትሮ የእህል ማስጫ ምንጣፍ ሆነ። እረኛውም ከሣር የተሠራ ገሳውን ትቶ፣ የከረጢቱን አንዱን ማዕዘን ወደ ሌላው አጥፎ እንደ ቆብ ደፋው። ይህን ሁሉ ያዘዘ መሥሪያ ቤት አልነበረም።

ሆኖም ይህ ከረጢት ሁለት ጉድለቶች አሉበት። የመጀመሪያው ፀሐይ ነው፤ ክሩ በብርሃን ብዛት ይፈረፈርና ብናኙ ወደ ማሳው ይገባል፣ አፈርም አያበሰብሰውም። ሁለተኛው ነቀዝ ነው። ለዚህኛው መልስ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የፑርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካሜሩን ውስጥ ለአተር መሰል እህል ባዘጋጁት ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ነው፤ ይህም ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በጥቅም ላይ ውሏል። ሁለቱ የውስጥ ከረጢቶች ጠበቅ ተደርገው ሲታሰሩ ነቀዙ በውስጥ ያለውን ኦክስጅን ራሱ ይጨርሳል፤ መብላቱን ያቆማል፤ ደርቆም ይሞታል። መድኃኒት አያስፈልግም። አፉ በሚገባ ካልታሰረ ወይም የውስጡ ከተበሳ ግን ከተራ ማዳበሪያ አይሻልም።

በዚህ ሁሉ መካከል ፌስታል ገባ። እ.ኤ.አ. በ1965 የስዊድኑ ሴሎፕላስት ኩባንያ የባለቤትነት መብት ያገኘበትን የእጅ ከረጢት የነደፈው ስቴን ጉስታፍ ቱሊን፣ ልጁ በኋላ እንደ ተናገረው፣ ሰው አጣጥፎ በኪሱ ይዞ ደጋግሞ እንዲጠቀምበት ነበር ያሰበው። ነገሩ እንዳሰበው አልሆነም። እጅግ ስስና ርካሽ በመሆኑ የሚጠግነውም የሚገዛውም ጠፋ፤ ከብትም ዋጠው፣ ቦይም ደፈነ። የ1999 ዓ.ም. የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ የማይበሰብሱ ፌስታሎችን ከለከለ፤ ገበያው ግን በዚህ ብዙም አልተገታም። በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ እገዳውን በፌስታል ላይ በጠቅላላው አጠናክሮታል።

ለማሸጊያ ባለሙያው ግን ከፌስታሉ ይልቅ የሚከብደው በየሱቁ ተንጠልጥሎ የሚታየው ትንሹ የዱቄት ሳሙናና የብስኩት ከረጢት ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከሁለት ወይም ከሦስት ልዩ ልዩ ስስ ንጣፎች ተጣብቀው የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ ለኅትመት፣ አንዱ እርጥበትና አየር ለመከልከል፣ አንዱ ለማሸግ ያገለግላል። ለይዘቱ ጥሩ ጠባቂ የሆነው ይኸው መጣበቅ፣ ባዶ ሲሆን ንጣፎቹን ለይቶ መልሶ ማቅለጥን አስቸጋሪ ያደርገዋል። ከአንድ ዓይነት ፕላስቲክ ብቻ የሚሠራው ተጣጣፊ ማሸጊያ በዚህ በኩል ይሻላል፤ ሰብሳቢና መልሶ አቅላጭ ፋብሪካ በአቅራቢያ ከሌለ ግን ብልጫው በወረቀት ላይ ይቀራል። ከደብረ ማርቆስ እስከ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለባዶ የሳሙና ከረጢት ይህን መንገድ የጭነት ዋጋ የሚከፍል ነጋዴ አይገኝም።

ባዶ ማዳበሪያ ግን በዚያው ገበያ ይሸጣል። ገዢው ወደ ብርሃን አንሥቶ ቀዳዳውን ያያል፣ ስፌቱን ይስባል፣ ከዚያም በዋጋው ይከራከራል። ከእህል ተራው ወዲያ ባሉት የቅቤ ሻጮች ዘንድ ደግሞ ቅቤው ዛሬም በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ይቀርባል፤ ገዢዋ እቤቷ ስትደርስ ቅጠሉን ለከብት ትሰጠዋለች።