የፈንታሌ ሰሞን ጥያቄ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

በ2017 ዓ.ም. መስከረም ሳይወጣ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ አጠገብ ባለው በፈንታሌ ተራራ ግርጌ ምድር ትንቀጠቀጥ ጀመረች። ዛሬ ያልፋል ሲሉት ሳምንት ሆነ፤ ሳምንቱ ወራት ወለደ። ታኅሣሥ 25 ዶፈን ተራራ ዘንድ እንፋሎት ከመሬት ተፈናጥሮ ወጣ። በማግስቱ ሌሊት፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ 5.7 ገደማ የተለካው መንቀጥቀጥ መጣ። አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የተኛው እንኳ በባዶ እግሩ ወደ ደረጃ ሮጠ። በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች ስንትና ስንት ሺህ ሰው፣ የቻለ ፍየሉን እየነዳ፣ ያልቻለ ልጁን አዝሎ፣ ቀዬውን ለቀቀ።

አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዳጉ ሳይለዋወጥ አይለያይም። ቁጭ ይላል፣ ያየውን ይናገራል፣ ሌላው የሰማውን ይቀበላል። ያን ሰሞን ዳጉው ከአዋሽ ተነሥቶ በገዋኔ፣ በሚሌ፣ በሎጊያ አድርጎ ሰመራ ሲገባ አንዲት ጥያቄ ይዞ ነበር፦ የፈጣሪ ቁጣ ነው ወይ?

አዋሽ የባቡር ከተማ ናት፤ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም አላት፤ ሻይ ቤቷ ውስጥ ሁሉም አንድ አግዳሚ ላይ ነው። ክርስቲያኑ የምድር መናወጥ የተነገረበትን ማቴዎስ 24ን ያነሣል። ሙስሊሙም ስለዚያው የሚናገረውን ዘልዘላን፣ 99ኛውን የቁርኣን ምዕራፍ። ስልክ የያዘው ወጣት ደግሞ ሦስት የመሬት ቅርፊቶች አፋር ላይ እየተላቀቁ መሆኑን ያስረዳል። «ማን አላቀቃቸው?» ይሉታል አንድ አዛውንት። ወጣቱ ስልኩን ኪሱ ከተተ። እውነቱን ለመናገር እኔም መልስ አልነበረኝም።

ቁጣ የሚለው ግን አይዋጥልኝም። ከሰመራ አለፍ ብላ ያለችው ሰርዶ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳለች። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ደግሞ ዳባሁ ዘንድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል መሬት በቀናት ውስጥ ተሰነጠቀ። እዚያ ከአርብቶ አደር በቀር ማን ነበረና? የዓለም ኃጢአት ሁሉ በፍየል እረኛ ሒሳብ ይወራረዳል እንዴ?

መጻሕፍቱም እንዲያ አይሉም። በሉቃስ 13 የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰው ይገድላል፤ ክርስቶስም እነዚያ ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው የባሱ ኃጢአተኞች ይመስሏችኋልን ብሎ ጠይቆ አይደለም ይላል። በሐዲስ ደግሞ ፍርስራሽ ወድቆበት የሞተ ምእመን ከሸሂዶች፣ ከሰማዕታት፣ ይቆጠራል። የተቆጡበትን ሰው ሸሂድ የሚለው ማን ነው?

የካቲት ሲጋመስ ሁለቱ ጾሞች ተከታትለው መጡ፤ ሁዳዴ የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22። ጥያቄውም ከሰማይ ወደ ምድር ወረደ፤ ለእኔ ትልቁ ሃይማኖት እዚህ ላይ ነው ያለው። ውሃ በቦቴ በሚጠበቅበት አገር እረኛው ምን ብሎ ይጠይቃል መሰላችሁ? «ሼኽና፣ ያለችኝ አንዲት ጀሪካን ናት። ለሶላት ውዱእ ላድርግባት ወይስ የተጠማችውን ግመል ላጠጣ?»

መልሱ አያወላዳም፤ ግመሏ ትጠጣ። ውሃው ለሰው ወይም ለእንስሳ ጥም የሚያስፈልግ ከሆነ ሰውየው ተየሙም ያደርጋል፤ በውሃ ፈንታ በአፈር ይነጻል። መዳፉን መሬት መታ አድርጎ ፊቱን ያብሳል፣ ዳግም መታ አድርጎ እጆቹን እስከ ክርኑ። የሻፊዒይ መዝሀብ፣ የሕግ መንገዱ፣ አፈሩ አቧራ ያለው ይሁን ይላል፤ ስለዚህ ያ ሁሉ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተዘረጋበት ሜዳ ሰውየው ጎንበስ ብሎ አፈር ሲፈልግ ታዩታላችሁ።

የጅቡቲ መስመር ሾፌር ደግሞ የራሱ አለው። መንገደኛ ማፍጠር እንደሚችል ያውቃል፤ በኋላ ያልጾማቸውን ቀናት ጾሞ ቀዷ ያወጣል። «እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ መንገደኛ ነኝ፤ ቀዷውን መቼ ላውጣ?» ይላል። ከሻፊዒይ ሊቃውንት አንዳንዶቹ፣ መክፈያ ቀን የማያገኝ የዘወትር መንገደኛ ይጹም ብለዋል። በአርባ ዲግሪ ሙቀት መሪ ይዞ ይህን መስማት ቀላል አይደለም። ክርስቲያኑ ባልንጀራው ሲታመም ንስሐ አባቱን ያማክራል፤ ጾሙ ይላላለታል።

እናንተም ቁጣ ነው የሚል ካጋጠማችሁ፣ ክርስቲያን ከሆነ ሰሊሆምን፣ ሙስሊም ከሆነ ሸሂዶቹን አስታውሱት። እግረ መንገዳችሁን ስለ ቤቱም ጠይቁት። ከታጠፈ እንጨትና ከሰሌን የሚሠራው የአፋር ቤት ቢወድቅ ሰው አይገድልም፤ የሚገድለው ብረት የተነፈገው ብሎኬት ነው። ፈንታሌ ደግሞ ዛሬም እሳተ ገሞራ ነው።